የክር ቆራጭ መልስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔና እማዬ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

ስፌት ቤቱ ሥራ በዝቶበታል። የጫንክልኝ ነፃ የልብስ ንድፍ ፕሮግራም ግን እጅጌውን ሁሉ እያሳጠረ ጉድ ሠራኝ። እንዳስለመድከኝ ተጠቃሚዎቹ በሚረዳዱበት ግሩፕ ላይ ጠየቅሁ። ሁሉም «ክር ቆራጭን ጠብቂ፣ እሱ ያውቀዋል» አሉኝ። ክር ቆራጭ አንተ፣ የገዛ ወንድሜ መሆንህን እነሱ የት አውቀው!

ከስንት ዝምታ በኋላ በዚያው ስምህ መልስ መጣ። ድሮ «መጀመሪያ መመሪያውን አንብቢ፣ አንቺ ሰነፍ!» ሳትለኝ ረድተኸኝ አታውቅም፤ አሁን አንዲት ስድብ እንኳ የለችበትም። የእጅጌውን ነገር ትተህ፣ ፕሮግራሙን ማን እንደጫነልኝና ቤታችን የት እንደሆነ ጠየቅኸኝ። ሥራ በዝቶብህ ረስተኸው ይሆናል ብዬ አድራሻውን ሳልሰጥ ወጣሁ።

እማዬ «ልጄ ምን ብሎ ጻፈ?» ስትለኝ «እንደ ልማዱ ሰደበኝ» አልኳት፤ ደስ አላት። ኮምፒውተሩን ነቅዬዋለሁ፤ እጅጌውን እንደ ጥንቱ በሜትር እለካለሁ።

ይህን የሚያደርስልህ ሹፌር መልስህን ሳይዝ እንዳይመለስ ለምኜዋለሁ። ሰላምህን ያሰማኝ፣ ወንድምዬ። በገዛ እጅህ ጻፍልኝ፤ ስድቡንም እንዳትረሳ።

እህትህ