የላክሽልኝ መጽሐፍና የያዕቆብ ልጅ

ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሊና፤

የናይሮቢ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደኅና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም። ዝናቡ ስለዘገየ ከቦሪ መንደር የሚመጣው ወተት ጠፍቷል፤ ሻይ ቤታችን ጥቁር ሻይ ብቻ ይሸጣል።

በአውቶቡስ የላክሽልኝን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ጨረስኩት። «አባዬ፣ የመሰለህን ሳትደብቅ ጻፍልኝ» ብለሻል። እጽፋለሁ።

ጸሐፊዋ የምትለውን ታውቃለች። ከመቶ ዓመት በፊት ሸንኮራ አገዳ በሚመረትባት አንዲት ደሴት ነጮቹ ጌቶች ሌሊት አውሬ እየሆኑ የጥቁር ሠራተኞቻቸውን ጥላ ይበላሉ። ጥላው የተበላ ሰው በማግስቱ ስሙን ይረሳል። ይህን የምታየው አንዲት ልብስ አጣቢ ብቻ ናት። ጥላ መበላትን እኔም አውቀዋለሁ። ስደተኛ ሆኜ እዚህ በገባሁ ሰሞን አንድ ፖሊስ «አንተ ሐበሻ፣ ቁጭ በል!» ብሎ አቧራ ላይ አስቀመጠኝ። ቀኑን ሙሉ ስሜን የጠየቀኝ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አልተቀበልኳትም። አውሬዎቿ ጥፍርና ክራንቻ አላቸው። ውሸት ነው። ሰውን የሚንቅ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ጸሎቱን አድርሶ፣ ሱቁን የሚከፍት ሰው ነው። ደግሞም ተረቱን ገልብጣዋለች። እኛ ሌሊት ጅብ ይሆናል የምንለው የተናቀውን፣ ብረት ቀጥቃጩን ነው። እሷ ናቂውን አውሬ አደረገችው። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ብዙ ቀን ሳልነካው ቆየሁ።

ለምን እንደላክሽው የገባኝ ባለፈው እሑድ ነው። ቀጥቃጩ ያዕቆብ ጎረቤታችንን ሙሐረምን ሽማግሌ አድርጎ መጣ። ዘመድ ስለሌለው ራሱም አብሮ ገባ፤ የታጠበ ጋቢ ለብሷል። ናይሮቢ ብየዳ ለሚሠራው ልጁ ለእንድሪያስ አንቺን ሊጠይቅ ነው። ያዕቆብ ከኔ ጋር ድንበር የተሻገረ፣ በአንድ ቅጥር አብረን የምናስቀድስ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ።

ሙሐረም እንደ ልማዱ በቀልድ ጀመረ። «ጋሼ፣ የመጣሁት ለሻይ አይደለም። ሻይህንማ አውቀዋለሁ፣ ውሃ ነው» አለኝ። ሳቅን። ወዲያው ጉዳዩን ተናገረ።

በዚህ መሀል እናትሽ ሻይ ይዛ ገባች። ለሙሐረም ብርጭቆ፣ ለኔ ብርጭቆ ሰጠች። ለያዕቆብ ለሱ ብቻ የተለየችውን፣ ውጭ ሚስማር ላይ የምትሰቀለውን የቆርቆሮ ኩባያ አቀረበችለት። እጇ ለምዶ ነው፤ ካስቀመጠች በኋላ ራሷም ደነገጠች።

ያዕቆብ ኩባያዋን አየት አድርጎ፣ «እትዬ እታለማሁ፣ ለአማችም ይቺው ናት እንዴ?» አለ። እየሳቀ ነው።

ሙሐረም አልሳቀም። «ጋሼ፣ ይሄማ ነውር ነው። ለውጥለት እንጂ!» አለኝ።

የኔን ብርጭቆ ማቀበል ይበቃ ነበር። ደጁ ላይ የጽዋ ማኅበራችን ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እጄን ያያሉ። እጄ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ቀረ። ያዕቆብ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። ወጥቶ ኩባያዋን ራሱ አለቅልቆ ቦታዋ ላይ ሰቀላት። «ጋሼ፣ መልስህን ለሙሐረም ንገረው። እኔ እሳት አንድጄ ነው የመጣሁት» ብሎ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት መልሴን ለሙሐረም ነገርኩት። እምቢ ብያለሁ።

እናትሽ አኩርፋኛለች። እንድሪያስን አልነቅፈውም፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ የታረመ ልጅ ነው። ነገር ግን እኔ ፈቅጄ ሰርጉ እዚህ ቢሆን፣ ለያዕቆብ ቤተሰብ ሳሕኑ ለብቻ ይቀርባል። እኔም አይቼ ዝም እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ሰው እሆናለሁ ብዬ አልዋሽሽም።

ስለዚህ ስሚኝ። እኔን ሳትጠብቂ እዚያው አግቢው። ወደ ሞያሌ አታምጪው። እኔም አልመጣም።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ። ቤትሽ ይሙላ፣ ማሕፀንሽ ይባረክ። ልጆችሽ አድገው «አያታችን ማን ነው?» ያሉሽ ቀን ያዕቆብን አሳዪያቸው። እሱ ይበቃቸዋል።

አባትሽ ገብረመድኅን