እጅ የሚያረጋው ኪኒን

ሰኞ

ኪኒኑን አልዋጥኩትም። ባለቤቴ ግርማ እያየኝ ምላሴ ላይ አድርጌ ውሃ ጠጣሁ፤ ዞር ሲል መዳፌ ላይ ተፋሁት። ሃምሳን የተሻገረች ሴት እንደ ሕፃን! ግን ምን ላድርግ? ለደም ግፊቴ የታዘዘልኝ መድኃኒት በሽጉጥ ተኩስ ውድድር ክልክል ነው። ልብን ሲያረጋ እጅንም ያረጋል፣ ስለዚህ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። ትናንት ደንቡን ሳነብ ነው ያየሁት። ውድድሩ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

ተኩሱን አዲስ አበባ በልጅነቴ ጀመርኩ፣ ሚኒሶታም መጥቼ ከሥራ መልስ ተኩስ ክበብ እየሄድኩ ተኮስኩ። ያቋረጥኩት ሄለንን ሳረግዝ ብቻ ነው። አሁን በኪኒን ልውጣ?

ማክሰኞ

ራሴን ይፈልጠኛል። ብሩክሊን ፓርክ ከተማ፣ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት፣ የሰዉን ሁሉ ግፊት ስለካ ዋልኩና የራሴን ፈራሁ። በመጨረሻ ለካሁት፤ ጣሪያ ነክቷል። ወይ ጉድ! መድኃኒት አንወስድም የሚሉትን ሽማግሌዎች የምቆጣው እኔ ነኝ እኮ።

ልምምድ ላይም እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ረቡዕ

ግርማ ኪኒኖቹን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አገኛቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ ወረቀት ለመብሳት ብለሽ ልትሞቺ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም «ወረቀት አይደለም፣ ዕድሜዬ ነው!» አልኩት። ኪኒኖቹን እየደጋገመ ቆጠራቸው። ፈርቷል ለካ። አንጀቴን በላው።

ሄለን በእንግሊዝኛዋ ጣልቃ ገባች፤ ተኳሽ መሆንሽን ለምን ለዶክተርሽ አልነገርሻትም አለችኝ። እውነቷን ነው። ክሊኒኩ ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ «የለም» ብያለሁ። እኛ ስደተኞች ስለ መሣሪያ የጠየቀን ሁሉ መንግሥት ይመስለናል። ሜዳልያዎቼ ሳሎን ተሰቅለው፣ ለሐኪሜ ግን ሽጉጥ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ

ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። ክሊኒክ ድራይቭ አደረግሁ፤ ግርማ አጠገቤ። ዶክተሯን «ተኳሽ ነኝ» አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። ቶሎ ብዬ «ስፖርት ነው! ወረቀት ነው የምመታው!» አልኳት። ከልቧ ሳቀች። ደንቡን አብረን አየነውና ያልተከለከለ ሌላ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ግፊቱ እስከሚቀጥለው ዓርብ ካልወረደ ግን ውድድር የለም አለች።

ዓርብ፣ በሳምንቱ

ሳምንቱን ሙሉ ዋጥኩ፣ ግርማ አፌን አስከፍቶ እያየ። ዛሬ ተለካሁ። ወርዷል! ተመስገን። መኪና ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ግርማ ደንግጦ «ወርዷል አላለችም እንዴ?» አለኝ። «ወርዷል፣ እሱ እኮ ነው የሚያስለቅሰኝ!»

ቅዳሜ

አላሸነፍኩም። የመጀመሪያው ጥይት ክፉኛ ሳተ፤ ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ቀስ በቀስ ተስተካከለልኝ። ስንት ወጣት ከኋላዬ አስቀረሁ፣ ደስ ይበለኝ እንጂ!

ጩኸቱን አልወድም እያለ በትዳራችን ዘመን ሙሉ መጥቶ የማያውቀው ግርማ ዛሬ ጆሮውን ደፍኖ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ስወጣ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። በቃሽ ሊለኝ ነው ብዬ መልስ አዘጋጀሁ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለኝ። «ከሥራ ላስፈቅድ።»