ገደሉ ላይ የሚያልቀው ዱካ

ወንድሜ ሜርዳን፣ የኢስታንቡል ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ በኮይተንዳግ ደህና ነን፤ ግመሏም በሰላም ወልዳለች።

በበጋ አንዲት ተመራማሪ መጥታ፣ ተራራው አናት ላይ ያሉት ባለ ሦስት ጣት ዱካዎች አያቶቻችን እንደሚሉት የዝሆን ሳይሆኑ የጁራሲክ ዘመን ዳይኖሰር ዱካዎች ናቸው አለችን። የሰጠችኝን የዚያ ዘመን ቅጠል የታተመበት ድንጋይም ልኬልሃለሁ።

ዘመድ የራቀው ሰው፣ መንገደኛው እንዲመለስለት፣ ዱካው ውስጥ በተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ፊቱን ይታጠብ የለ? አባባ ግን ዝናብ ባይጥልም በየቀኑ ይወጣሉ። እግራቸውን በየዱካው እያስገቡ ይሄዳሉ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?» ስላቸው፣

«ሜርዳን በዚህ ነው የሄደው። እግሩን አታዪም እንዴ?» ይሉኛል።

«ባለ ሦስት ጣት ልጅ ነው እንዴ የወለዱት?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም።

የት እንዳሉ እንድሰማ፣ የመሪዋን ፍየል ቃጭል ካፖርታቸው ጫፍ ላይ ሰፍቼላቸዋለሁ። ትናንት የመጨረሻው ዱካ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ ቆመው አገኘኋቸው። «ትንሽ ነው የቀረኝ» አሉኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል። አባባ ግን «ሰላምታዬን እኔው አደርስለታለሁ» ብለው በጠዋት ወጥተዋል። ይህን ስጽፍ ቃጭሉ ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ነፋሱ ዞሮ ነው መሰለኝ፣ አይሰማኝም። እስቲ ወጣ ብዬ ልያቸው።

እህትህ ኦጉልሻት