መቶ አርባ ሦስተኛው ቤት

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? በብርድ ጊዜ ደረትሽን የሚይዝሽ ያ ሳል ዘንድሮስ ተወሽ? እኔ ደህና ነኝ። ከጉልበቴ በቀር ሁሉም ነገሬ ይሠራል። ጉልበቴ ግን ከእንግዲህ የኔ አይደለም፤ ሲፈልግ ይታዘዘኛል፣ ሳይፈልግ ዳገቱ መሀል ላይ ገትሮኝ ይቆማል።

ይህን የምትጽፍልኝ ጃኒን የምትባል ሴት ናት። እኔ ያልኩትን ብቻ እንድትጽፍ፣ አንድ ቃል እንዳትጨምር፣ አንድ ቃል እንዳታሳምር ቃል አስገብቻታለሁ። አሁን እየሳቀች ነው። «ሳቄንም ልጻፈው?» ትለኛለች። ጻፊው ብያታለሁ። እኔ ፊደል እንደማልቆጥር አንቺ ታውቂያለሽ። ሰባ አራት ዓመት ያለ ፊደል ኖሬ አንድም ቤት ጠፍቶኝ አያውቅም፤ አላፍርበትም።

ወሬው ይኸውልሽ፤ ዙሩን ሸጥኩት።

ከቦዩ ድልድይ ጀምሮ እስከ ላይኛው ጸሎት ቤት ድረስ በየአራት ሳምንቱ መስኮታቸውን የማጸዳላቸውን ደንበኞቼን በሙሉ ለጃኒን ሸጥኩላት። ሐኪሙ መሰላል ላይ ብትወጣ በቃሬዛ ነው የምትመለሰው አለኝ። ሐኪሙን አልሰማሁትም ነበር። ኅዳር ላይ ግን የወይዘሮ ግሪንዉድ ቤት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሆኜ ጉልበቴ ከዳኝ፤ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቱቦውን አቅፌ እንደ እርጥብ ድመት ሩብ ሰዓት ተንጠለጠልኩ። ወይዘሮ ግሪንዉድ በመስኮቱ አየችኝና «ዊልፍ፣ ሻይ ላቀብልህ?» አለችኝ። ያን ቀን ነው የቆረጥኩት።

የዙር ሽያጭ እንዴት እንደሆነ አንቺ አትረሺውም። ሻጭ ከፊት ይሄዳል፣ ገዢ ከኋላ ይከተላል፤ አራት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱ በር ይንኳኳል፤ ሰዎቹ አዲሱን ሰው በዓይናቸው ያዩታል። ገንዘብ የሚከፈለው ከመጨረሻው በር በኋላ ነው። እኔም የዛሬ አርባ አንድ ዓመት ከኢኖክ ሱትክሊፍ ስገዛ እንዲሁ ነበር። በየበሩ «ይኼ ዊልፍ ነው። ጥግ ጥጉን ከዘለለ ንገሩኝ፣ መጥቼ ጆሮውን እጎትተዋለሁ» ይል ነበር። አንድ ቀን እውነትም መጥቶ ጎተተኝ።

ጃኒን በመጀመሪያው ቀን ቫን ይዛ መጣች፤ ውስጡ በርሜል ውሃ፣ ጣሪያው ላይ ጫፉ ብሩሽ የሆነ ረጅም ዘንግ። መሬት ቆማ ነው ፎቅ የምታጸዳው። «ደብተርዎን ያሳዩኝ» አለችኝ። ደብተር የለኝም አልኳት። «ታዲያ ደንበኞቹ የት ነው ያሉት?» ግንባሬን ነካሁላት። «እና ምን ላድርግ ጋሼ ዊልፍ፣ ጭንቅላትዎን ቆርጬ ልውሰድ?» አለች። ዝም ብለሽ ተከተይኝ አልኳት። የምን ውሃ እንደሆነ አላውቅም፣ ሳይወለወል ይደርቃል፣ መስመርም አይተውም። ሦስት ቀን ሙሉ ጉድለት ፈልጌ አጣሁ። ይህን ስናገር ቀና ብላ አየችኝ። አትኩሪ፣ ጻፊ።

ሴት ናት፣ ልጄ። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ዙሩን ለሴት ሸጥኩት።

ያን ቢራ የምንጠጣበት ክበብ ውስጥ የሆነውን ነገር አንስተን አናውቅም፤ ዛሬ እኔ አነሳዋለሁ። ሃያ ዓመትሽ ነበር። ሦስት ክረምት ዳቦ ቤት ሠርተሽ ያጠራቀምሽውን ይዘሽ መጣሽና፣ አባዬ የዙሩን ግማሽ ሽጥልኝ፣ አብረን እንሥራው አልሽኝ። እኔም ቢራዬን አስቀምጬ፣ ወንዶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ «መሰላሉንስ ማን ይሸከምልሽ፣ እናትሽ?» አልኩ። ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ኮትሽን ለበስሽና ወጣሽ። በሳምንቱ ሊድስ ከተማ ገባሽ።

መሰላሉን እኮ በአሥራ አራት ዓመትሽ ተሸክመሽው ነበር። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን እየተከተልሽኝ፣ ዳገቱን በሙሉ፣ እኔ ባልዲውን ብቻ ይዤ። ያን ሌሊት ሳቅ የፈለግኩት ከሰዎቹ ነው፤ ያገኘሁትም ሳቅ ብቻ ነው። ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ። ጃኒን፣ ይህን እንዳለ ጻፊው።

እናትሽ በአውቶቡስ ልታይሽ ስትመጣ እኔ ጥያቄ አልጠይቃትም ነበር። ስትመለስ ግን ራት ሳትበላ እጠብቃትና ራሷ እስክትነግረኝ ድረስ ሹካውን አላነሳም። ስትሞት ቀብሯ ላይ አንቺ በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ ቆምን። በዚያው ዓመት ወደ ከተማችን ተመለስሽ። ዘጠኝ ቁጥር ቤትን ተከራየሽ። ያ ቤት ድሮውንም በዙሬ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሰውዬ ከኢኖክ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛ ነበሩ። መንገዱ የኔ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ የተከተልሽኝ መንገድ ነው። እኔ ግን ቤት አጥታ ነው ብዬ ተውኩት።

ማጽዳቱን አልተውኩም። ማክሰኞ ጠዋት አንቺ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሥራ ላይ ነሽ። በጓሮ እገባለሁ፣ አጽድቼ እወጣለሁ፣ ለገንዘብ በር አላንኳኳም። አከራዩ የቀጠረው ሰው ይመስላታል እል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አልኩ።

እኛ የመስኮት ሰዎች አንድ ሕግ አለን፤ መስታወቱን እንጂ ቤቱን አናይም። የአንዲት ሴትዮ ባል ሶፋ ላይ ከማን ጋር እንደተቀመጠ አላየሁም፤ የቄሱን ጠርሙሶች አላየሁም። አንቺ ቤት ግን ሕጉን አፍርሻለሁ። ግድግዳው ላይ በፎቶ ያለችውን ልጅ አያታለሁ። መጀመሪያ የፊት ጥርሶቿ የሉም፤ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ከረባት አስራለች፤ ዘንድሮ ደግሞ ፀጉሯን ተቆርጣ ትታያለች። አገጯ የእናትሽ ነው። ስሟን አላውቅም። የሚያውቁ ሰዎች በየበሩ ነበሩ፤ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ለጃኒን መቶ አርባ ሁለት ቤት ብዬ ነው የተዋዋልኩት። ያንቺን አልቆጠርኩትም፤ ልዘልለው ነበር ያሰብኩት። መንገድሽ ላይ ስንደርስ ግን ስለ ወይዘሮ ግሪንዉድ ውሻ እያወራሁላት ሳላስበው እግሬ ጓሮሽ ውስጥ አስገባኝ። ጃኒን ተከትላኝ ገባች። በጣቶቿ ቆጠረች። «ይኼ በሂሳባችን የለም» አለች። አሮጊት ናቸው፣ ለገና ይከፍላሉ አልኳት። ዋሸሁ። እሷ ግን መስኮቱን አየች። «አሮጊቷ ጎበዝ ናቸው፤ የአበባ ማሰሮዎቹን ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ደርድረውልዎታል፣ መጋረጃውን ሰብስበው አስረውታል። የኔ ደንበኞች ለምኛቸው እንኳ አያደርጉትም» አለች። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው አልኳት። እውነቴን ነበር። ለኔ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።

ቅዳሜ ጃኒን ቫኗን የት እንደምታቆም ለማየት ብቻዋን ዞረች። ሰኞ ጠዋት ስንገናኝ ያለ ሰላምታ ነው የጀመረችው። «ጋሼ ዊልፍ፣ ዘጠኝ ቁጥር የጓሮው በር በመቀርቀሪያ ተዘግቷል፤ በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሳይ ማሰሮዎቹ ጠርዙ ላይ ናቸው፣ መጋረጃውም ወርዷል። ጎረቤቷን ጠየቅኩ፤ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው አለችኝ። በሳምንት ከአንድ ቀን፣ ከማክሰኞ በቀር።»

ተቆጣኋት። የሰው በር መነካካት ምን ይባላል፣ ነገረኛ አልኳት። ሦስት መንገድ ሙሉ ሳላናግራት ሄድኩ። በሦስተኛው መንገድ ጫፍ ላይ ባልዲዬን ዘቅዝቄ ተቀመጥኩበት። እሷም አጠገቤ ቆመች፤ ዝናብ ነበር፣ አልተጠለለችም። ዓመቱን ቆጠርኩት። በዓመት አሥራ ሦስት ማክሰኞ ነው። አሥራ አንድ ዓመት። አንዱንም አልዘለልሽም፣ ልጄ። በታመምኩበት ወር እንኳ፣ ዘግይቼ በሌላ ማክሰኞ ስመጣ፣ ክፍት ነበር። በየማክሰኞው ትከፍቺው ነበር ማለት ነው?

መልሱን አልጠይቅሽም። ያየችውን ነገረችኝ፣ የነገረችኝን ነገርኩሽ።

ትናንት የመጨረሻውን በር አንኳኳን። ጃኒን ደብተሯን ዘጋችና «ያቺን ዘጠኝ ቁጥር ይጨምሩልኝ፣ ዋጋ እሰጥዎታለሁ» አለች። አትሸጥም አልኳት። «ሊሸጧት ነው ብዬም አልጠበቅኩ» አለች ነገረኛዋ። መሰላሉን በነፃ ጨመርኩላት። አያስፈልጋትም፤ ግን መጋዘኔ ውስጥ ተጋድሞ እንዳላየው ብዬ ነው። አንድ የላስቲክ መጥረጊያና አንድ ባልዲ ለራሴ አስቀርቻለሁ።

እንግዲህ ሥራውን እንደ ሥራ እንነጋገር። የምድር ቤትሽን መስኮቶች ከውጭ ቆሜ እችላቸዋለሁ። የላይኞቹን ሁለቱን ግን፣ መሰላል ስለሌለኝ፣ ከእንግዲህ ከቤት ውስጥ ካልሆነ አልደርስባቸውም። ደረጃ ቀስ ብዬ እወጣለሁ። የወጥ ቤት ሥራ ዕረፍት ፋሲካ ሳምንት እንደሚሆን ሰምቻለሁ፤ ያ ማክሰኞ ቤት ትሆኛለሽ ይባላል። ጠዋት ካልሆነልሽ ከሰዓት በኋላ ቢሆንም እኔ ሥራ የለኝም።

ጃኒን «ሌላ የሚሉት የለም?» ትለኛለች። የለም ብያታለሁ። እጇም ደክሟል መሰለኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች ነው።

ብርዱ ደረትሽን አይንካው። የእጅሽ ሥራ ይባረክልሽ። አገጯ የእናትሽ የሆነውን ልጅ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ፤ ስሟን በአፍሽ እስክትነግሪኝ እንዲሁ እጠራታለሁ።

የጻፈችው ጃኒን ናት። ከታች ያለውን ምልክት ግን በገዛ እጄ አድርጌዋለሁ።

አባትሽ
✕