በሻርፕ የሸፈንኩት ጋሪ

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ዛሬ ልጄን ናሆምን ላጣው ነበር። ፀሐይ እንዳይነካው ብዬ የሕፃን ጋሪውን በወፍራም ሻርፕ ሸፍኜ ከገበያ እየተመለስኩ ነበር። መጀመሪያ ሲያለቅስ ቆይቶ ዳገቱ ላይ ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እንዳይነቃብኝ ሻርፑን እንኳ አልገለጥኩም።

ቤት ደርሼ ስገልጠው የታፈነው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ልጄ ቀልቷል፤ ፀጉሩ በላብ ረጥቧል፤ ብጠራው ዓይኑን አልገልጥ አለ። ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቴ እትዬ ወርቅነሽ እየሮጡ መጡ። ልብሱን አውልቀው በእርጥብ ጨርቅ እያበሱት፣

"አየር ከለከልሽው እኮ ልጄ! በይ ጡትሽን ስጪው" አሉኝ።

ብዙ ቆይቶ ያዘው። እየጠባ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ መርምራው፣ "ደርሳችሁለታል። ሁለተኛ ጋሪውን እንዳትሸፍኚው፤ ጥላ ያዢለት" አለችኝ።

አመሻሽ ላይ ሾኔ ከተማ የሚያስተምረው ባለቤቴ ደወለ።

"ልጄስ እንዴት ዋለ?"

"ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነው" አልኩት። ሌላውን መናገር አቃተኝ። ከፀሐይ ያዳንኩት መስሎኝ ያፈንኩት እኔው እናቱ ነኝ።

አሁን አጠገቤ ተኝቷል። ዝም ባለ ቁጥር እጄን አፍንጫው ላይ አደርጋለሁ።