ማንም በማይገባው ቋንቋ

ለውድና ለተከበሩ አባቴ፣ ለወንጌላዊ ሽፈራው፤
ጂንካ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የጌታ ሰላም ከእርስዎ፣ ከእማዬና ከቤቱ ሰው ሁሉ ጋር ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እማዬ በስልክ “ድኗል” ብላኝ ነበር፤ እርስዎ ግን አጠገቧ ሆነው ሲያቃስቱ ስለሰማሁ አላመንኳትም። የላክሁት ቅባት ጠቀመዎት ወይስ እንደ ባለፈው ለጎረቤት ሰጡት? ሄራን ፈተናዋን እንዴት አደረገች? ካሌብስ አሁንም ሞተር ካልገዛችሁልኝ እያለ ያስቸግራል? እኔ በአካል ጤነኛ ነኝ። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ የኮሌጁን ሬጅስትራር ቢሮ ጠዋት እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። ልቤም ደህና ነው ብዬ ብጽፍልዎ ግን መዋሸቴ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩትም ከአንድ ውሸት ለመውጣት ነው።

ለምን አልደወለችም ብለው እንዳይቀየሙኝ። ስደውል ድምፅ ማጉያውን ይከፍቱታል፤ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ አክስቴ ብዙነሽ ከጓዳ ሆና መቼ እንደማገባ ትጠይቀኛለች። ይህ ነገር ግን ለእርስዎ ጆሮ ብቻ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ፊልሞን ነገ ሐሙስ ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእጅዎ እንዲሰጥዎ ቃል አስገብቼዋለሁ። የአጥቢያችን ሽማግሌ ጋሽ ሕዝቅያስ ደግሞ በሚመጣው ማክሰኞ ለጉባኤ ጂንካ ይገባሉ። ስልካቸውን አውጥተው አንድ ነገር ሊያሰሙዎት ነው። ከእሳቸው በፊት ከእኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው እንዲህ የምጣደፈው።

ነገሩ የተጀመረው በክረምቱ መጨረሻ ነው። ግዛቸውን ያስታውሱታል፤ ፒያሳ ከጫማ መሸጫው በላይ ባለችው ስቱዲዮ የመዘምራኖቻችንን መዝሙር የቀዳልን ሰው ነው። እሱ ደወለልኝና ከጃፓን ሥራ እንደመጣለት ነገረኝ። ሠሪዎቹ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ቀድሞ እዚሁ ሀዋሳ በበጎ ፈቃድ ሒሳብ ያስተማረ ነው። በአገራቸው እንኳ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የሚያስፈራ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርተዋል፤ ከዚያው ታሪክም አጫጭር ካርቱን አውጥተዋል። ሰውየው ያስተማራቸው ልጆች በቋንቋቸው እንዲሰሙት ፈልጎ በአማርኛ ድምፅ ስጡልን አለ። ትርፍ አገኝበታለሁ ብሎ አይመስለኝም፤ ሀዋሳ ናፍቃው ነው።

ታሪኩ ግድብ ሲሠራ ውኃ ስለዋጠው አንድ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ወጥተዋል፤ አንዲት መምህርት ግን አልወጣችም። ከሞተች በኋላም በየቀኑ የክፍሏን ልጆች ስም ትጠራለች። ስሙ ሲጠራ የመለሰላት ተጫዋች ወደ ውኃው ይሳባል፤ ዝም ያለ ይተርፋል። እኔ መምህርቷን ሆንኩ።

አባዬ፣ “ልጄ መንፈስ ሆነች ማለት ነው?” ይላሉ። አዎ፣ ሆንኩ። ወደድኩትም። በሬጅስትራር መስኮት ቀኑን ሙሉ “ቀጣይ” ስትል ለምትውል ሰው፣ በብርድ ልብስ በተሸፈነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሌላ ሰው መሆን እንዴት ያለ እፎይታ እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም። መጀመሪያ የጮህኩ ዕለት የጫማ መሸጫው ባለቤት ጋሽ ሱሌይማን ሰው ተጎዳ ብለው ውኃ ይዘው ደረጃውን ሮጠው ወጡ። ደህና መሆኔን ሲያዩ ውኃውን ራሳቸው ጠጡት። ትርጉሙንም እያስተካከልኩ ነበር። ልጆቹ ሲጠሩ “እዚህ ነኝ” ይሉ ነበር፤ እኛ አገር መምህር ስም ሲጠራ ተማሪ “አቤት” ነው የሚለው ብዬ አስቀየርኩት። ግዛቸውም አመሰገነኝ። ትንሽ ኩራት ገባኝ መሰለኝ።

ጥፋቱ የመጣው የካርቱኑ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ለመምህርቷ የተጻፈ ቃል አልነበረም፤ “ማንም በማይገባው ቋንቋ ታንሾካሹካለች” ብቻ ይላል። ግዛቸው አፌ የሰጠኝን ዝም ብዬ እንድለቀው ነገረኝ። መጀመሪያ እንግሊዝኛና ሲዳምኛ ደባልቄ ሞከርኩ፤ የሚኒባስ ረዳት ትመስያለሽ ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ዐይኔን ጨፈንኩና አፌን ለቀቅኩት። ወጣ፤ ሳይቋረጥ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ወጣ። ስጨርስ ግዛቸው ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ክንዱን አሳየኝ፤ ፀጉሩ ቆሞ ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ፣ ሳምቡሳ ገዝቼ፣ እየበላሁ ወደ ቤቴ ወደ ታቦር ወጣሁ። ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም ነበር።

የገባት አስማ ናት። አብራኝ የተከራየችውን፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን አስማን ያውቋታል፤ ባለፈው ዓመት ሲመጡ ለጉልበትዎ ወንበር ያመጣችልዎት ናት። ካርቱኑ ኢንተርኔት ላይ በወጣ ቅዳሜ ምሳ እየበላን በስልኬ አየነው። ስድስተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ጉርሻዋን መለሰችና፣ “ሐዳሳ፣ ይሄ እኮ ጠዋት ጠዋት የምትጸልይው ነው” አለችኝ። ስትሰግድ እኔ ዝም እንደምልላት፣ ስጸልይ እሷም ሬዲዮዋን ትዘጋልኛለች፤ ሁለት ዓመት በግድግዳው በኩል ሰምታኛለች። መጀመሪያ ሳቅሁባት። ከዚያ መልሼ ከፈትኩትና ሰማሁት። በልሳን የምጸልየው ጸሎቴ ነበር። ከሞተች ሴት አፍ፣ ከነምራቅ መዋጤ።

ይህን ጽፌ ተነሥቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አሁን ተመልሻለሁ።

አባዬ፣ ሆን ብዬ አላደረግሁትም። ማንም የማይገባውን ቋንቋ ተናገሪ ሲሉኝ አፌ የሚያውቀው ሌላ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ዐይኔን ጨፍኜ አፌን የምለቅቀው ለዚያ ብቻ ነው። ግን ይህን ለማን ነው የማስረዳው? የአጥቢያችን ወጣቶች ካርቱኑን አገኙት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። አራት ሆነው ተቀመጡ፤ የተቀደሰውን ለአጋንንት መጫወቻ ሰጥተሻል አሉኝ፤ እስኪወስኑ ድረስ ከመዘምራን ወጥቼ እንድቆይ ነገሩኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። እስከዚህ ድረስ ያሉት ሁሉ ልክ ነው።

ልወጣ ስል ጋሽ ሕዝቅያስ “ቆዪ” አሉኝ። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው እንደገና ሰሙት። ከእርስዎ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተንበርክከው የጸለዩ ሰው ናቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ልጄ፣ ይህን ከማን ሰማሽው?” ብለው ጠየቁኝ። ከማንም አልሰማሁትም፣ ለእኔ የተሰጠኝ ነው አልኳቸው። ብዙ አዩኝና፣ “እንግዲያው አባትሽም ይስሙት” ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

ዋሸኋቸው። ከማን እንደሰማሁት ደኅና አድርጌ አውቃለሁ።

ይርጋለም የተደረገውን የወጣቶች ኮንፈረንስ ያስታውሱ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጓደኞቼ ሁሉ በልሳን ተናገሩ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። ሰባኪው ደግሞ እርስዎ ነበሩ። መጥተው እጅዎን ራሴ ላይ ጫኑ። የሰባኪው ልጅ ቀረች እንዳይሉብዎ ፈራሁና አፌን ከፈትኩ። የወጣው በየማለዳው ከመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ማዶ የምሰማው የእርስዎ ጸሎት ነው። ያቺን በ“ሸ” የምትጀምረውን ቃል ሦስት ጊዜ ብለው ትንፋሽዎን ሳብ የሚያደርጉትን እንኳ አልተውኩም። እርስዎ አለቀሱ። ቤት ስንገባ ለእማዬ ሲነግሯት እንደገና አለቀሱ። እሑድ ጉባኤው ፊት አቁመው መሰከሩልኝ። የራስዎ መሆኑን አላወቁትም። በስቱዲዮ እንደተማርኩት፣ ድምፁን ተቀድቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁሉ ይህ እኔ አይደለሁም ነው የሚለው።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት በዚያው ጸለይኩ። ሁሉም ውሸት ነበር አልልም። አልቅሼበታለሁ፣ ተጽናንቼበታለሁ፣ እርስዎ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ሌሊቱን ሙሉ በእሱ ለምኛለሁ። የቱ ከልቤ፣ የቱ ከልማድ እንደነበር ግን ዛሬ መለየት አልቻልኩም። አሁን ስንበረከክ መምህርቷ ትመጣብኛለች። አፌን ልክፈት ስል የምሰማው የስቱዲዮውን ድምፅ ነው። ስለዚህ አልንበረከክም። የአልጋዬን ቦታ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። የታጠበ ልብስ መልሼ አጠብኩ። ከሥራ ስወጣ ባጃጅ እይዝና ግማሽ መንገድ ላይ ወርጄ፣ በእግሬ እስከ ሐይቁ ሄጄ፣ ምንም ሳላይ እመለሳለሁ። አስማ እንኳ፣ የፈለግሽውን ጸልዪና አስተኚን አለችኝ።

ሌላም አለ። ጃፓኖቹ ያንን ሁለት ደቂቃ እጅግ ወደዱት። በጨዋታው ውስጥ በሁሉም ቋንቋ፣ በራሳቸውም ጭምር፣ እሱኑ እናስገባ ብለው ፈቃዴን ጠየቁ። ግዛቸው ደስታውን አልቻለውም፤ ድምፁ ያንቺ ነው፣ መብቱም ያንቺ ነው አለኝ። ያቺ አነጋገሩ ናት ያቃጠለችኝ። የእኔ አይደለም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ትናንት ግን እንቢ አልኩ፤ ከጨዋታው አውጡት፣ በምትኩ ትንፋሽ ብቻ እቀዳላችኋለሁ አልኳቸው። ቅር እያላቸው ተስማሙ። የካርቱኑን ግን መመለስ አይቻልም፤ በየሰዉ ስልክ ገብቷል። ሥራውንም አልተውም፣ አባዬ፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ። መምህርቷ ስም የምትጠራበት ድምፅ የራሴ ነው፤ ከማንም አልወሰድኩትም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ሽማግሌዎቹ እገባለሁ። ለጋሽ ሕዝቅያስ መዋሸቴን፣ ከማን እንደሰማሁትም የእርስዎን ስም ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። መዘምራን ውስጥ ዳግመኛ ባያስገቡኝ አልከራከርም። ያን ምስክርነት ጉባኤው ፊት የሰጡት እርስዎ ስለሆኑ ከእነሱ ቀድመው ማወቅ ይገባዎታል። ስለ እኔ ያማልዱ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ይቆጡኝ፤ ቁጣዎን እችለዋለሁ።

የምፈራው ሌላ ነው። እኔ አውቅዎታለሁ። እማዬ አንድ ጊዜ፣ ያውም ስትቀልድ፣ ሳቅህ ቤቱን ያናውጣል ስላለችዎ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሲስቁ አፍዎን በእጅዎ ይሸፍናሉ። እኔ ሙሉ ሳቅዎን ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ሕዝቅያስ ያንን ነገር ካሰሙዎት በኋላ፣ በማግስቱ ማለዳ ሲንበረከኩ የዚያች ሴት ድምፅ መጥቶ አፍዎን እንዳያስይዝዎት ነው ፍርሃቴ። ሌላው ቢቀር ይህን እሺ ይበሉኝ። የሰረቅሁት እኔ ነኝ፤ የእርስዎ እዚያው እንዳለ ነው። ቃሉን አይለውጡ፤ ድምፅዎን አይቀንሱ። ሄራን ከግድግዳው ማዶ እየሰማች ከሆነ ደግሞ ጠርተው፣ የራሷ እስኪመጣ ብትዘገይም እንደማያፍሩባት ይንገሯት። እኔ ያን ጊዜ ይህን የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ዝም እል ነበር።

እማዬን ጉንጯን ስመው ሰላም ይበሉልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ሊያነቡላትም ላያነቡላትም የእርስዎ ፈንታ ነው። አክስቴ ብዙነሽን፣ የማገባ ዕለት በመጀመሪያ እሷን እንደምጠራ ይንገሩልኝ። ካሌብ ሞተሩን ይርሳ፣ ጫማ ግን በፊልሞን እጅ ልኬለታለሁ። ሄራንን እቅፍ ያድርጉልኝ። እርስዎን ደግሞ፣ አባዬ፣ ጉልበትዎን ስሜ፣ ከዚያ ጉልበት ሥር ያደግሁ መሆኔን ሳልክድ እሰናበትዎታለሁ።

ልጅዎ ሐዳሳ ሽፈራው
ሀዋሳ፣ ታቦር
ረቡዕ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.