የሐጅ ዩሱፉ ሙከይፍ ፈልሳፊ የአቶ ጥጋቡ አያሌው የሕይወት ታሪክ

በካርቱም ከተማ፣ ያለማንም እርዳታ፣ በገዛ ጭንቅላታቸው ብቻ፣ ያለ መንግሥት መብራት የሚሠራ ሙከይፍ፣ ማለትም የቤት አየር ማቀዝቀዣ፣ የፈለሰፉት አባታችን አቶ ጥጋቡ አያሌው ናቸው። የሚያስተባብል ካለ ይምጣ።

አቶ ጥጋቡ ከአባታቸው ከአቶ አያሌው ዘለቀ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ተሰማ በ1963 ዓ.ም. በጎንደር ጭልጋ ተወለዱ። የቄስ ትምህርት ጀምረው አቋረጡ። በ1984 ዓ.ም. በመተማ አድርገው ሱዳን ገቡ፤ ካርቱም ጀብራ ሰፈር ብየዳ ተምረው ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የራሳቸውን ወርሻ፣ የብየዳ ቤት፣ ከፈቱ። በ1998 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋአለምን አግብተው ወንድሜን ሚኪያስንና እኔን ሰብለን ወለዱ።

ጦርነቱ መጥቶ መብራት ሲጠፋ በሶላር የሚዞር ሙከይፍ መሥራት ጀመሩ። ቆርቆሮውን እርሳቸው በየዱ፤ ውስጡንም እርጥብ ጭድ ሞሉት። የመኪና ፋን ፈትቶ ያመጣው ኤርትራዊው የሪክሻ፣ የባጃጅ፣ ጠጋኝ ናሆም ነው። በራችን ላይ ሻይ የምትሸጠው ሱዳናዊቷ ዘሊካ ደግሞ «የዚሩን፣ የእንስራውን ውኃ የሚያቀዘቅዘው እርጥብ ጆንያ አይደለም እንዴ?» ብላ ጭዱን አስወጥታ ጆንያ አስገባች። ሦስቱ ሲሰዳደቡ ይውሉ ነበር። ማሽኑ ግን እንደ ክረምት ነፈሰ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ለእኛም» አለ።

ይኼኔ አባታችን «ሐሳቤን ሊሰርቁኝ ነው» ብለው ሁለቱን አባረሩ። በምትካቸው የአገራቸውን ልጆች አስገቡ፤ ሁሉም የጭልጋ፣ ሁሉም በያጅ። እነዚያ «ልክ ነው ጋሼ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልፈጠረባቸውም። አባታችን ብቻቸውን ያቀዱት አዲሱ ሙከይፍ ቀለም ተቀባ፣ የአባታችን ስም ተጻፈበት። ሰው አይቶ እንዳይቀዳ ተብሎም ማሽኑ የተተከለበት ክፍል መስኮት ተዘጋ። ዘሊካ ከውጭ «ያላ ክፈተው! እርጥቡ አየር መውጫ ይፈልጋል» ብትል «አርፈሽ ሻይሽን ሽጪ» አሏት። ልክ ነው ጋሼ፣ አሉ እነዚያ።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. አባታችን በወባ ታመው በዚያው ዝግ ክፍል ተኙ። በአቅራቢያ ክፍት ሐኪም ቤት አልነበረም። አዲሱ ማሽን ክፍሉን እንደ ሻይ ጀበና በእንፋሎት ሞላው እንጂ አንድ ቀንም ትኩሳታቸውን አላበረደም። ነሐሴ 19 ቀን፣ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ዐረፉ። የጭልጋ ልጆች አገር ገብተዋል፤ ሬሳውን የተሸከመው ናሆም ነው።

አምላክ የአባታችንን ነፍስ ሐሩር በማይደርስበት በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።

ይህ ከመታተሙ በፊት ለዘሊካ ሳነብላት ገና ከመጀመሪያው መስመር አስቆመችኝ። እናታችን «እሱም ይጻፍ» ስላሉ ጽፌዋለሁ፦

«ስሚ አንቺ፣ ብቻውን የሠራው የኋለኛውን ነው። እሱ ደግሞ አያቀዘቅዝም።»